ሃያ ሙከራ፣ ዜሮ ግብ፦ «ጨዋታው ያጭበረብራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የእግር ኳስ አሰልጣኝነት የኮምፒውተር ጨዋታዎችን (እኛ ቡድን አሰልፈን መመሪያ የምንሰጥባቸውን፣ ግጥሚያውን ግን ኮምፒውተሩ የሚያሰላባቸውን) በአድሎ የሚከስ አንድ ረጅም ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ስድስት ነጥቦች አንስተዋል። የግጥሚያው ውጤት ገና ሳይጀመር ተወስኗል ይላሉ። ሃያ ጊዜ ሞክሮ በአንድ ኳስ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ሰው የሚመራው ቡድን ነው ይላሉ። የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ በእኛ ላይ ብቻ ተአምር ይሠራል፣ ድላችን ሲበዛ ጨዋታው ሆን ብሎ ያወርደናል፣ ጉዳትና ቀይ ካርድም እኛን መርጦ ይመታል ይላሉ። በመጨረሻም የዕድልን ድርሻ መቀነስና ደካማውን ቡድን መደጎም ፍትሕን ያመጣል ብለው መፍትሔ ያቀርባሉ።

ቁጣቸውን አልንቅም። ለሳምንታት የገነቡት ቡድን በዘጠናኛው ደቂቃ በአንድ የማዕዘን ምት ዋንጫ ሲያጣ፣ ተጫዋቾቹ በስክሪን ላይ ያሉ ቁጥሮች መሆናቸው ሕመሙን አያቀልለውም። እንዲህ ያለውን ሌሊት እኔም አሳልፌያለሁ። ነገር ግን ክሶቹን አንድ በአንድ ስመረምር አብዛኞቹ ውሃ የሚያነሱ ሆነው አላገኘኋቸውም። ከዚያም በላይ ጽሑፉ ትልቁን አድሎ ጨርሶ አላየውም። እነዚህ ጨዋታዎች ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ ከተባለ፣ የሚያዘነብሉት ወደ እኛ፣ ከስክሪኑ ፊት ወደተቀመጥነው ሰዎች ነው።

በመጀመሪያው ክስ ልነሳ። ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ ከአንድ ግጥሚያ በፊት ጨዋታውን አስቀምጠው፣ ያንኑ ግጥሚያ ከዚያው ቦታ አሥር ጊዜ ደጋግመው መጫወታቸው ነው። ሰባቱን ማሸነፍ አልቻሉም፤ ሦስቱን አሸንፈዋል። ከዚህ ተነስተው ውጤቱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ታዲያ ሦስቱ ድሎች ከየት መጡ? ውጤቱ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አሥሩም አንድ ዓይነት መሆን ነበረባቸው። ያቀረቡት ምስክር የመሰከረው በራሳቸው ላይ ነው።

ሰባት ከአሥር መሆኑም ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም። ቡድናቸው ያንን ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉ ልክ ግማሽ ነበር እንበል። ግጥሚያው አሥር ጊዜ ሲደገም ሰባት ወይም ከሰባት በላይ ጊዜ ሳያሸንፍ የመቅረቱ ዕድል 17 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ሙከራ ስድስት ሰዎች ቢያደርጉት አንዱ የጸሐፊውን ውጤት ይዞ ይመጣል፤ ጽሑፍ ለመጻፍ የሚነሳውም እርሱ ነው። አምስቱ ዝም ይላሉ፤ ቅር ያላቸው ነገር የለምና።

ሆኖም ጥርጣሬው ከየት እንደሚመነጭ ይገባኛል። ኬቪን ቶምስ በ1982 «ፉትቦል ማኔጀር» የተባለውን የመጀመሪያ ጨዋታ ሲያወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዘመኑ ኮምፒውተሮች የሚያሳዩት እጅግ ጥቂት ነበር። ፖልና ኦሊቨር ኮሊየር የተባሉት ወንድማማቾች በ1992 «ቻምፒየንሺፕ ማኔጀር»ን ሲያወጡም ግጥሚያው የሚተረከው በጽሑፍ መስመሮች ነበር። ክብ ነጥቦች በሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ከላይ ማየት የተቻለው በ2003 በወጣው «ቻምፒየንሺፕ ማኔጀር 4» ነው። ሰው መሳይ ተጫዋቾችን በባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል ያመጣው ደግሞ «ፉትቦል ማኔጀር 2009» ነው። ጽሑፍ ብቻ እያነበብን በነበረበት ጊዜ «ተከላካዩ ተሳሳተ» የሚለውን መስመር እንደ ዜና እንቀበለው ነበር። ዛሬ ያው ተከላካይ ኳሱን እያየ እግሩን ሲያነሳ በዓይናችን እናያለን፤ አንድ የማናየው እጅ «ተወው» ያለው ይመስለናል። የስሌቱ ባሕርይ ያው ነው፤ የተጨመረው ምስሉ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። አብዛኞቻችን የምናየው ሙሉውን ዘጠና ደቂቃ ሳይሆን ዋና ዋና ክስተቶችን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የትኛው ደቂቃ መታየት እንዳለበት ለማወቅ ከሚያሳየን ቀድሞ ማስላት አለበት። ስለዚህ ግጥሚያውን የሚያሰላው ክፍል፣ በተለምዶ የግጥሚያ ሞተር የሚባለው፣ ከዓይናችን ፊት ፊት ይሄዳል። ተጫዋች ስንቀይር ወይም አሰላለፍ ስንለውጥ ደግሞ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለውን ጥሎ እንደገና ያሰላል። ጸሐፊው ይህን «አስቀድሞ መወሰን» ብለው ጠሩት። ዕጣው ወጥቶ ወረቀቱ ገና ስላልተገለጠ ዕጣው ተጭበርብሯል አይባልም። ዘግይተን ማየታችን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክስ የጽሑፉ ልብ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስለት። ጸሐፊው በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ጊዜ ሃያ ያህል ሙከራ አድርገው ያለ ግብ ወጥተዋል፤ ተጋጣሚያቸው በሁለትና በሦስት ሙከራ አሸንፏቸዋል። ይህ በዕድል ሊሆን አይችልም ይላሉ። እስቲ እናስላው።

ቡድናችን በአንድ ግጥሚያ 20 ጊዜ ሞከረ እንበል። ሙከራዎቹ ተራ ሙከራዎች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ግብ የመሆን ዕድል 8 በመቶ፣ የመሳት ዕድላቸው 92 በመቶ ነው። ሃያዎቹም የመሳታቸው ዕድል 0.92ን ሃያ ጊዜ ከራሱ ጋር በማባዛት ይገኛል፤ 19 በመቶ ገደማ ይመጣል። እንዲህ ካሉ አምስት ግጥሚያዎች በአንዱ ያህል ግብ ሳናገባ እንወጣለን ማለት ነው። ተጋጣሚያችን ሦስት ጊዜ ብቻ ቢሞክርና የእያንዳንዱ ዕድል 10 በመቶ ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ግብ የማግኘት ዕድሉ 27 በመቶ ነው። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን የመገጣጠም ዕድል 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ግጥሚያዎቻችን ሁሉ በዚህ መልክ የሚካሄዱ ከሆነ፣ 38 ግጥሚያ ባለው የውድድር ዘመን ይህ መከራ ሁለት ጊዜ ያህል ይጠብቀናል። በጸሐፊው ላይ የደረሰው ሦስት ጊዜ ነው። በሁለትና በሦስት መካከል ላለች ልዩነት ሴራ መፈለግ አያስፈልግም። በዚህ ስሌት ውስጥ ደግሞ ማንም እጁን አላስገባም፤ ሁለቱም ቡድኖች የተለኩት በአንድ ሚዛን ነው።

በእውነተኛው ሜዳስ? በ2012 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ባየር ሙኒክ በገዛ ሜዳው 20 የማዕዘን ምቶች አገኘ፤ ቼልሲ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። ቶማስ ሙለር በ83ኛው ደቂቃ ለባየር አገባ። ዲዲዬ ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ ያችኑ ብቸኛ የማዕዘን ምት በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት የአርየን ሮበንን ፍፁም ቅጣት ምት ፒተር ቼክ አዳነ፤ ዋንጫውም በመለያ ምት ወደ ለንደን ሄደ። ያን ምሽት የባየር አሰልጣኝ የነበሩትን ዩፕ ሃይንከስን ከኮምፒውተር ፊት ብናስቀምጣቸውና ያንኑ ግጥሚያ በስክሪን ቢያዩት፣ የጸሐፊውን ጽሑፍ ቃል በቃል ለመጻፍ በቂ ምክንያት ነበራቸው። በኳታሩ የ2022 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ስትሸነፍ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ግቦቿ ከጨዋታ ውጪ ተብለው ተሽረዋል። ሳዑዲዎች ሁለቱንም ግቦች ከዕረፍት መልስ በአምስት ደቂቃ ልዩነት አስቆጠሩ። ያቺው አርጀንቲና በመጨረሻ ዋንጫውን በላች። እግር ኳስ ግብ የሚያንስበት ስፖርት ነው፤ ግብ በሚያንስበት ቦታ ደግሞ አንዲት አጋጣሚ ትከብዳለች። ይህን ባሕርይ የማይመስል የአሰልጣኝነት ጨዋታ እግር ኳስን አይመስልም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ቁም ነገር ጸሐፊው ዘልለውታል። ሃያ ሙከራ የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከፍፁም ቅጣት ምት አራት ኳሶች ሦስቱ ያህል ግብ ይሆናሉ፤ ከሳጥኑ ውጪ ከሚመቱ መቶ ኳሶች ግን ግብ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። ለዚህም ነው «ፉትቦል ማኔጀር» ከ2021 እትሙ ጀምሮ የሚጠበቁ ግቦችን መለኪያ ያስገባው። ይህ መለኪያ እያንዳንዱ ሙከራ ከየት፣ በምን ሁኔታ እንደተመታ መዝኖ ቡድኑ ምን ያህል ግብ ይገባው እንደነበር ይገምታል። ሃያ ሙከራ ያደረገው ቡድን የሚጠበቀው ግብ 0.9፣ ሦስት ጊዜ የሞከረው ቡድን 1.1 ሆኖ ሲገኝ የማየት ዕድል ያጋጠመው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ያ ሦስት ጊዜ የሞከረው ቡድን ሦስቱንም ከግብ ጠባቂ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ነበር፤ የእኛ ሃያ ሙከራ ደግሞ በስምንት ተከላካዮች እግር መካከል የተመታ ነበር። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ውስጥ ይህን መለኪያ አንድም ጊዜ አልጠቀሱትም። ከክሳቸው በፊት መታየት የነበረበት ገጽ እርሱ ነበር።

እኔ ከዚህ ጥርጣሬ የወጣሁት በክርክር አይደለም፤ በደብተር ነው። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እያንዳንዱን ግጥሚያ በእጄ መዘገብኩ፦ የእኛ ሙከራ፣ የእነርሱ ሙከራ፣ ውጤት። ዘመኑ ሲያልቅ ደብተሩ ያሳየኝ ነገር አሳፈረኝም፣ አረጋጋኝም። የተዘረፍኩባቸውን ግጥሚያዎች አንድ ሳላስቀር በቃሌ አውቃቸው ነበር። እኔ የዘረፍኳቸውን ግን፣ ሙሉ ግጥሚያ ተከላክለን በአንድ ኳስ አሸንፈን የወጣንባቸውን፣ አንዱንም አላስታውስም ነበር። በጊዜው «ጥሩ ተከላከልን» ብዬ አልፌያቸው ነበር። ጸሐፊው ሦስቱን ሽንፈቶች እስከ ደቂቃቸው ድረስ ይዘረዝራሉ፤ በሁለት ሙከራ ስላሸነፉባቸው ቀናት ግን ጽሑፉ ዝም ይላል።

የግብ ጠባቂው ጉዳይ ከዚሁ ስለሚወለድ ብዙ አልቆይበትም። ብዙ ደካማ ሙከራ የሚደርስበት ግብ ጠባቂ ብዙ ኳስ ያድናል፤ ብዙ ያዳነ ደግሞ በግጥሚያው መጨረሻ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። ጸሐፊው ነጥቡን አይተው ተአምር አሉት። የእኛ ግብ ጠባቂ እንዲህ ያለ ነጥብ እምብዛም የማያገኘው ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ቆሞ ስለሚውል ነው።

አራተኛው ክስ፣ ድል ሲበዛ ጨዋታው ያወርደናል የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጥ ሰውን የሚያሳምን ነው፤ ምክንያቱም ክስተቱ እውነት ነው። አሥር ግጥሚያ በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን በአሥራ አንደኛው ከወራጅ ቀጠና ቡድን ጋር ዜሮ ለዜሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ያስደነቀ አሰላለፍ በሁለተኛው ዓመት ይነጥፋል። ጸሐፊው የተሳሳቱት ምክንያቱ ላይ ነው።

ዓመቱ ሲጀመር ማንም የማይፈራው ቡድን ነበርን። ተጋጣሚዎች ወደ ፊት ወጥተው ይጫወቱብን ነበር፤ ከጀርባቸው ሰፊ ሜዳ ይተዉልን ነበር፤ ፈጣን አጥቂዎቻችን በመልሶ ማጥቃት ይቀጧቸው ነበር። ስማችን ሲገዝፍ የኮምፒውተር አሰልጣኞች ያን ስም ያነባሉ። ዘጠኝ ተጫዋች ከኳስ ኋላ ያሰልፋሉ፤ ሜዳው ይጠባል። ያው የድሮው መመሪያችን አሁን ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ ይገጥመዋል። ለማለፍ ትዕግሥት ያለው የኳስ ቅብብልና በጠባብ ቦታ የሚያስብ አማካይ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን ያለን ሯጭ ነው። በዚህ ላይ ተጫዋቾቹ ይዘናጋሉ፤ ደካማ ተብሎ በተገመተ ተጋጣሚ ላይ ትኩረታቸው ይላላል። ጨዋታው በዚህ ሁሉ እኛን አልለየም። ያንኑ ስም ያተረፈ የኮምፒውተር ቡድንም ያንኑ ግድግዳ ይገጥመዋል።

ሌስተር ሲቲ በ2015/16 በ81 ነጥብ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አሰልጣኙ ክላውዲዮ ራኒየሪም ዓመቱ ሳያልቅ ተሰናበቱ። ከሌስተር በፊት የነበረው ሻምፒዮን ቼልሲ ዋንጫውን ባነሳ በዓመቱ 10ኛ ሆነ፤ አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ የገናን በዓል በሥራቸው ላይ ሆነው አላዩትም። እነዚህን ሁለት ታሪኮች በስክሪን ላይ ብናያቸው ጨዋታው ሻምፒዮኖችን እየለቀመ ይቀጣል ባልን ነበር። እርግጥ ነው፣ ሌስተር ንጎሎ ካንቴን ሸጦ ነበር። እኛም እኮ ዋንጫ ባገኘን ማግሥት ምርጡን አማካያችንን ለትልቅ ክለብ እንሸጣለን፤ ከዚያ የተተኪውን ደካማነት የጨዋታው ሴራ እናደርገዋለን።

ጸሐፊው እዚህ ላይ በ2020 በካሊፎርኒያ የቀረበን ክስ እንደ ማስረጃ ያነሳሉ። ከሳሾቹ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ «ፊፋ» በተባለው ጨዋታው ውስጥ፣ ሰዎች ተጫዋቾች የሚገኙበትን የካርድ እሽግ በገንዘብ በሚገዙበት ክፍል፣ የግጥሚያውን ክብደት በስውር ይለዋውጣል ብለው ነበር። ኩባንያው አስተባበለ፤ ከሳሾቹም በ2021 ክሱን ራሳቸው አነሱት። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ጽሑፉ አልነገረንም። ከዚያም ሌላ ያ ጨዋታ ተጫዋቾቹን በእጅ እየነዱ የሚጫወቱት እንጂ የአሰልጣኝነት ጨዋታ አይደለም። አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፦ ሽንፈት ወደ ግዢ የሚገፋበት ጨዋታ ሲሆን ተጠራጣሪ መሆን ተገቢ ነው፤ ኩባንያው ከሽንፈታችን የሚያተርፍበት መንገድ አለና። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ግን እኛን በስውር በመጣል ምን ያተርፋል? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ለራሳቸው አላነሱም።

ስለ ጉዳትና ካርድ አጭር መልስ ይበቃል። ጸሐፊው በሌላ አንቀጽ ቡድናቸው ዘጠናውን ደቂቃ በከፍተኛ ጫና እንደሚጫወት፣ ልምምዱም ከባድ እንደሆነ በኩራት ጽፈዋል። የደከመ ተጫዋች ይጎዳል፤ ሁልጊዜ ተደርቦ ኳስ የሚነጥቅ ተከላካይ ካርድ ያያል። መልሱን ራሳቸው ጽፈውታል።

አሁን ጽሑፉ ወዳላየው አድሎ ልሂድ። የኮምፒውተር አሰልጣኝ ሲሸነፍ ተሸነፈ፤ አለቀ። እኛ ግን ከተሸነፍን በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተን ካስቀመጥንበት መጀመር እንችላለን። የማሸነፍ ዕድላችን 60 በመቶ በሆነ ግጥሚያ ላይ አንድ ጊዜ መድገምን ብቻ ለራሳችን ብንፈቅድ ዕድሉ 84 በመቶ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ብንደግም 94 በመቶ ይደርሳል። ጸሐፊው አንዱን ግጥሚያ አሥር ጊዜ ሲደጋግሙ በተጋጣሚያቸው ወንበር ላይ የተቀመጠው የኮምፒውተር አሰልጣኝ አንድም ጊዜ «እንደገና» ማለት አልቻለም። በዚያ ሙከራ ውስጥ መብቱን የተነጠቀ ወገን ካለ እርሱ ነው።

እንቀጥል። እኛ አንድ የዝውውር መስኮት ላይ ሦስት ሌሊት ማሳለፍ እንችላለን፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከሩቅ አገር ሁለተኛ ዲቪዚዮን ፈልገን አግኝተን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በብዙ እጥፍ እንሸጠዋለን። የኮምፒውተር ክለቦች ለነገው ቡድን እንዲህ አያስቡም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ አራት ተጫዋች ገዝተው በሌላው ባዶ ይቀራሉ። አንዳንድ ጨዋታዎችም የተጫዋቾችን የችሎታ ቁጥር በቀጥታ የምንቀይርበት መሣሪያ ለብቻው ይሸጡልናል።

ከሁሉም የሚብሰው የሞተሩ ቀዳዳ ነው። በየእትሙ አንድ ሰው የግጥሚያው ሞተር በሚገባ የማይከላከለው አንድ ነገር ያገኛል፦ በአንድ ዓይነት የማዕዘን ምት ቅርበኛው ቋሚ ላይ የሚቆም ተጫዋች፣ ወይም ተከላካዮች ሊይዙት የማይችሉት የአጥቂዎች አሰላለፍ። ወሬው ይሰራጫል። መካከለኛ ቡድን በዚያ አሰላለፍ ሊጉን ያሸንፋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ጨዋታው ሚዛኑን ስቷል ብሎ ሲጽፍ አላነበብኩም፤ ዋንጫ በዋንጫ ሆኖ ፎቶ ያነሳል። ስለ ሚዛን ከልባችን የምናስብ ከሆነ መጀመሪያ መጮህ ያለብን ለዚህ ነበር። በተለይ የኮምፒውተር አሰልጣኞች የእኛን ደካማ ጎን ተረድተው መመሪያቸውን በፍጥነት አለመቀየራቸው የእነዚህ ጨዋታዎች የቆየ ጉድለት ነው፤ ተጠቃሚዎቹም እኛ ነን።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ትክክል ናቸው፤ ያንን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ እኔም አድልቻለሁ። ጨዋታዎቹ ይደብቁናል። በ«ፉትቦል ማኔጀር» የተጫዋች ችሎታዎች ከ1 እስከ 20 በሆነ ቁጥር ይታያሉ። ነገር ግን የብቃት ወጥነት፣ በትልልቅ ግጥሚያዎች ላይ ያለው ጽናት፣ ለጉዳት ያለው ተጋላጭነት ከዓይናችን የተሰወሩ ናቸው፤ እስከ 200 የሚደርሰው አጠቃላይ የችሎታ መለኪያም እንዲሁ። ጸሐፊው ሁሉም ይገለጥ ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። የሰው ልብ ተደብቆ መቅረቱ ትክክል ነው። እውነተኛ አሰልጣኝም ያመጣው አጥቂ በፍጻሜ ቀን ጉልበቱ ይከዳው አይከዳው አያውቅም፤ የሚያውቀው እያየ፣ እየተሳሳተ ነው። የሥራው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። የመመሪያ ትርጉም ግን ሊደበቅ አይገባም። «ሰፋ ብላችሁ ተጫወቱ» ስል የመስመር ተከላካዬ ከመሀል ተከላካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ለአንድ አማካይ የሰጠሁት ሚና ከሌላው በምን እንደሚለይ በግልጽ ልረዳ ይገባኛል። እነዚህ ነገሮች በብዙዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ በሁለት መስመር ተድበስብሰው ይታለፋሉ፤ ሰውም ግምቱን እንደ እውነት ይዞ ይሸነፋል። ጸሐፊው ለዚህ ቢቆጡ አብሬያቸው እቆጣለሁ። ለምን እንደተሸነፈ የማይነገረው ሰው ተጭበረበርኩ ቢል አይፈረድበትም።

የቀረው መፍትሔያቸው ነው። የዕድልን ድርሻ እንቀንስ፣ ደካማውን እንደጉም። የመጀመሪያውን ሐሳብ እስከ መጨረሻው እንከተለው፦ ብልጫ ያለው ቡድን ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ሊግ ይሆናል። በዚያ ሊግ ውስጥ ደረጃ ሰንጠረዡ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ይህ ጸሐፊው በመጀመሪያው ክሳቸው የተጸየፉት፣ አስቀድሞ የተወሰነው ውጤት ነው። ሁለተኛውን እንከተል፦ ትንሽ ክለብ ይዘን ትልቁን ስንጥል፣ ያገኘነው ግብ ከድጎማው ይሁን ከሥራችን አናውቅም። ሌስተር ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት አቋማሪዎች 5000 ለ 1 ሰጥተውት ነበር። ያ ታሪክ ዋጋ ያገኘው ማንም ስላልደጎመው ነው።

ሰው ከሰው ጋር በሚጫወትባቸው የኢንተርኔት ጨዋታዎች ነገሩ ይከፋል። በስዊድን በ1997 የተጀመረው «ሃትሪክ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአማካይ ክፍል ጥንካሬ የኳስ ቁጥጥርን ይወስናል፤ በግራ፣ በመሀልና በቀኝ ያለው ማጥቃት ደግሞ ፊት ለፊቱ ካለው መከላከል ጋር ይመዘናል፤ ግቡ ከዚያ በሚወጣው ዕድል ይወሰናል። ገንዘብ ከፍሎ አባል የሚሆን ሰው ተጨማሪ ገጾችና መገልገያዎች ያገኛል እንጂ የተሻለ ቡድን አያገኝም። ሚዛን ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሕግ፣ በገንዘብ የማይገዛ። እዚህ ላይ ለተከታታይ ተሸናፊ ድጎማ ቢጨመር፣ ድጎማው የሚወሰደው ከኮምፒውተር አይደለም። ለዚያ ግጥሚያ የተጋጣሚውን አሰላለፍ ሲያጠና ካመሸ ሌላ ሰው ላይ ነው።

ከድጎማው ይልቅ እኔ ከሠሪዎቹ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ከሽንፈት በኋላ ጨዋታውን ካስቀመጡበት መልሶ የመክፈት መንገድ፣ እንዲዘጋበት ለሚፈልግ ሰው፣ ከመጀመሪያው የሚዘጋበት ምርጫ ይኑር። የሞተሩ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ምን እንደተለወጠ በግልጽ ይጻፍ። ከግጥሚያው በኋላ ደግሞ የተጋጣሚው አሰልጣኝ የሰጠው መመሪያ ሁሉ የሚታይበት አንድ ገጽ ይከፈትልን፦ በስንተኛው ደቂቃ ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ፣ የትኛውን ተጫዋቻችንን በሁለት ሰው እንዳስያዘ፣ ኳስ ሲነጥቅ ወዴት እንዲመታ እንዳዘዘ። ጸሐፊው ያን ገጽ ካዩ በኋላ ስለ ሃያው ሙከራቸው እንደገና ቢጽፉ፣ ጽሑፋቸውን በጉጉት ከሚያነቡት አንዱ እኔ ነኝ።